አሥራትና ምጽዋት፦ ከደመወዝ ሒሳብ እስከ ነዳያን ማዕድ

ወር ሲያልቅ ከኪስ የሚተርፍ ነገር እምብዛም የለም። «ከተረፈኝ አሥራቴን አወጣለሁ» ያለ ሰው መስከረም ላይ ያሰበውን ኅዳር ላይ ረስቶት ይገኛል። ንፉግ ሆኖ አይደለም፤ ገንዘቡ ገና ከመምጣቱ ማደሪያ ስላልተበጀለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን የሰጠው ምክር ይህን የሰው ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ምክር ነው፦ ከሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ እንደ ቻለው መጠን በቤቱ ለይቶ ያስቀምጥ (1ኛ ቆሮ. 16፥2)። መለየቱ ይቀድማል፤ መስጠቱ ይከተላል።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚኖር ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናንም የሒሳቡን ክፍል ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ከመስጠት በፊት የሚከፈል

በቤታችሁ የምትሠራው ልጅ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት ለደብሩ ምንጣፍ መግዛት አይሆንም። ሐዋርያው ያዕቆብ የተቀማው የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ወደ እግዚአብሔር ጆሮ ገብቷል ይላል (5፥4)። ስለዚህ ደብተር ስትከፍቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰው ገንዘብ ይጻፍ፦ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ቀኑ ያለፈ ብድር፣ ተበድራችሁ ያልመለሳችሁት ዕቃ። በማታለል የመጣ ገንዘብ ካለ ደግሞ አሥራት አውጥቶለት አይነጻም፤ ለባለቤቱ ይመለሳል። ዘኬዎስ ግማሽ ሀብቱን ለድሆች ሰጠ፤ የበደለውን ግን በዚያ አላቻቻለም፣ ለብቻው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃ. 19፥8)። ሁለቱን አለመደባለቁን ልብ በሉ።

ለአባትና ለእናት የሚላክ የወር ተቆራጭም ከአሥራት አይነሣም። «ቁርባን ነው» እያሉ ወላጅን መከልከልን ጌታ በግልጽ ነቅፎታል (ማር. 7፥10-13)። በተቃራኒውም ለእናቴ ስለምልክ አሥራት አይመለከተኝም የሚለው አያስኬድም፤ ለወላጅ መላክ እንደ ቤት ኪራይ የኑሮ ግዴታ ነው። የዕድር መዋጮንም ምጽዋት ብሎ የሚቆጥር አይጠፋም፤ ዕድር መረዳጃ ነው፣ ነገ ለእናንተም ይመለሳል።

ስሙን መለየት

አሥራት ከገቢ አሥረኛው ነው፤ አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ ከሰጠው ይጀምራል (ዘፍ. 14፥20)። በኩራት የመጀመሪያው ነው፦ የእሸቱ፣ የመጀመሪያ ደመወዙ፣ የአዲሱ ሱቅ የመጀመሪያ ትርፍ። አንዱ የመጀመሪያ ወር ደመወዙን ሙሉውን ይሰጣል፤ ሌላው ጭማሪ ባገኘ ቁጥር የመጀመሪያውን ወር ጭማሪ ያወጣል። መባ ለቅዳሴና ለቤተ መቅደስ አገልግሎት የሚቀርበው ነው። ስዕለት በቃል የታሰረ ነው። ምጽዋት ደግሞ ለተቸገረ ሰው የሚዘረጋው እጅ ነው፤ ፍትሐ ነገሥትም ከጸሎትና ከጾም ጋር አንቀጽ ሰጥቶታል። አምስቱን በአንድ ኪስ ያስቀመጠ ሰው ለስዕለት ያሰበውን ለአሥራት፣ የአሥራቱን ለመንገድ ምጽዋት እያደረገ ዓመቱን በግምት ይጨርሳል።

የአሥራት ሒሳብ

ከደመወዝተኛ እንጀምር። መነሻው ግብርና 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ነው። ከጥቅል ደመወዙ የሚያሰላም አለ፤ አንዱን መርጦ መጽናት ነው። ከተጣራው ሲያወጣ የኖረ ሰው ጡረታ ወጥቶ አበል መቀበል ሲጀምር ከአበሉም ያወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በሌላ በኩል ነው። መሥሪያ ቤት ከደመወዝ ላይ የሚቆርጠው ሁሉ ግብር አይደለም። የብድርና ቁጠባ ማኅበር ቁጠባ፣ የብድር ክፍያ፣ መዋጮ በደመወዝ መክፈያው ላይ ተቀናሽ ሆነው ስለሚታዩ «ይህ እኮ እጄ አልገባም» ይባላል። ገብቷል፤ ያዋላችሁት እናንተ ናችሁ። መልሳችሁ ደምሩት። እጅ የገባው 18,000 ብር ሆኖ ለቁጠባና ለብድር 2,500 ብር ተቆርጦ ከነበረ መነሻው 20,500 ነው፤ አሥራቱም 1,800 ሳይሆን 2,050 ብር። ቦነስና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባሉ። የውሎ አበል ለመኝታና ለምግብ የተሰጠ ስለሆነ ከጉዞ ስትመለሱ የተረፈው ብቻ ይቆጠራል።

ነጋዴ ከሽያጭ ሳይሆን ከትርፍ ነው የሚያወጣው። አንድ ሱቅ በወር 120,000 ብር ሸጠ እንበል። የዕቃው መግዣ 92,000፣ የሱቁ ኪራይ 9,000፣ የሠራተኛ 5,000፣ መጓጓዣና መብራት 2,000 ብር ቢሆን ወጪው 108,000 ነው፤ ትርፉ 12,000፣ አሥራቱ 1,200 ብር። ከሽያጩ ቢያወጣ ኖሮ 12,000 ብር ይሆን ነበር፤ ማለትም ትርፉ በሙሉ። አንዳንድ ቅን ነጋዴ እንዲህ ጀምሮ በሦስተኛው ወር ዕቃ መተካት ሲያቅተው አሥራቱን ጭራሽ ይተወዋል። የተገላቢጦሹም አለ፤ የሱቁን ኪራይ ከቀነሰ በኋላ የመኖሪያ ቤቱን ኪራይ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የቤቱን አስቤዛ እየቀነሰ «ትርፍ የለኝም» የሚል። ለንግዱ የወጣው ይቀነሳል፤ ለቤቱ የወጣው አይቀነስም። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ደግሞ ገንዘቡ ሲገባ ይቆጠር፤ ያለዚያ ላልተከፈላችሁ ገንዘብ አሥራት አውጥታችሁ ባለዕዳው ሲጠፋ ታማርራላችሁ። ከሱቁ ለቤት የተወሰደው ስኳርና ዘይትም በመግዣ ዋጋው ይጻፍ፤ ብዙ ሱቅ ውስጥ ትርፉን የሚበላው እርሱ ነው።

ገንዘብ ሆነው ገቢ ያልሆኑ አሉ። ዕቁብ ሲወጣላችሁ የምትቀበሉት 60,000 ብር የራሳችሁ የቆየ ገንዘብ ነው፤ ወር በወር ስትጥሉ ከደመወዙ አሥራት ከወጣለት ሁለተኛ አይወጣለትም። ብድር ገቢ አይደለም። ከውጭ አገር ወንድማችሁ ለእናታችሁ መድኃኒት የላከው አደራ ነው፤ ለእናንተ ብሎ የሰጣችሁ ግን ገቢ ነው። መሬት ወይም መኪና ስትሸጡ ከገዛችሁበት ዋጋ በላይ ያለውን አስሉ።

ለገበሬ ሕጉ የሚናገረው ከእርሻው ስለሚገኘው ፍሬ ሁሉ ነው (ዘዳ. 14፥22)። በአውድማው ላይ ምርቱ ሲሰፈር ዘጠኝ ቁና ለጎተራ፣ አሥረኛው ለብቻው፤ ወደ ቤት ገብቶ ከተቀላቀለ በኋላ ልክ አይገኝለትም። 14 ኩንታል ጤፍ ላገኘ 1 ኩንታል ከ40 ኪሎ ይደርሳል። እህሉን በገንዘብ መለወጥ ካስፈለገ የዕለቱ የገበያ ዋጋ ተይዞ ወዲያው ይሸጥ። አስቀምጦ ክረምት ላይ ዋጋ ሲወደድ የሸጠው ደግሞ ጭማሪውም የአሥራቱ ነው፤ በጥር ዋጋ አስልቶ በነሐሴ ዋጋ መሸጥ ትንሽ ሌብነት አለው።

በቀን ሥራ ለሚተዳደር ወር መጠበቅ አይበጅም። 400 ብር በተከፈለበት ቀን ማታ 40 ብር ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጣል። ሥራ ባልተገኘበት ቀን ምንም የለም፤ ዕዳም አይሆንም።

የት ይገባል?

መሠረቱ «አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» የሚለው የሚልክያስ ቃል ነው (3፥10)፤ ጎተራው የምትቆርቡበት፣ ልጅ ክርስትና የምታስነሡበት አጥቢያ ነው። ከዚያው ከአሥራቱ ለገጠር አብያተ ክርስቲያናት፣ ለገዳም፣ ለአብነት ትምህርት ቤት ማካፈል የሚፈልግ ለንስሐ አባቱ ይንገርና በምክር ያድርገው። በየወሩ ስሜት ወደ መራው ቦታ መላክ አጥቢያውን ያራቁታል፤ የገጠር ካህን በእርሻ የሚተዳደረውና ልጁ ክህነቱን የሚሸሸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የአሠራሩ ነገር ቀላል ነው። በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ በደረሰኙ ላይ «አሥራት» ተብሎ ይጻፍ፣ ያለዚያ በጠቅላላ ገቢ ይመዘገባል። በባንክ ወይም በቴሌብር ስትልኩ ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም መሆኑን አረጋግጡ፤ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ፣ ባለሒሳቡ ምንም የተከበረ ሰው ቢሆን፣ አትላኩ። እርሱንም ከሐሜት ታድኑታላችሁ። የሰበካ ጉባኤ የአባልነት ክፍያ ከአሥራት የተለየ ነው። አባል የሆነ ምእመን በቃለ ዓዋዲው (በሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ) መሠረት በጉባኤው ተሳታፊ ስለሆነ ሪፖርት ሲቀርብ ተገኝቶ የመጠየቅ ድርሻ አለው፤ ደረሰኝ ሰብስቦ ሪፖርት በሚቀርብበት እሑድ ቤቱ የሚተኛ ሰው በኋላ «ገንዘቡ የት ደረሰ?» ቢል ማን ይመልስለት?

ምጽዋቱን ማሰናዳት

አሥራት ከወጣ በኋላ ለምጽዋት የተቆረጠ መጠን ይኑር። የሚከብድ ከሆነ ከ3 በመቶ መጀመር ይቻላል። ከ18,000 ብር 540 ብር ይሆናል። ይህን በሦስት መክፈል ይጠቅማል፦ 300 ብር በየወሩ ለምታውቁት አንድ ሰው (ጎረቤት ያሉ አቅመ ደካማ እማማ፣ የአብነት ተማሪ)፤ 140 ብር ለመንገድና ለቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በባለ 10 ብር 14 ኖት ተዘርዝሮ፤ 100 ብር ለድንገተኛ። ትልቁ ድርሻ ለሚታወቅ ሰው የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየወሩ በ5 ሊመጣላት የምታውቀው 300 ብር ለአንዲት አሮጊት የቤት ኪራይ ማሟያ ይሆናል፤ ያው 300 ብር ለ30 ሰው ሲበተን የማንንም ወር አያሻግርም። ሁለቱም ያስፈልጋል፣ ግን መጠኑ ይለያይ።

ዝርዝሩ አስቀድሞ በተለየ ኪስ ይያዝ። ቦርሳ ከፍቶ ከመቶ ብር ኖቶች መካከል አሥር ብር እየፈለጉ ተቀባዩን ማስቆም ያሳፍራል፤ ለሌባም ያጋልጣል። ስትሰጡ ቁሙ፤ አትወርውሩ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ላለ የቆሎ ተማሪ ከሌላችሁ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ማለፍ መልስ ነው፤ ዝም ብሎ ፊት ማዞር ግን አይደለም። ሲራክ ምስኪኑን እያሳዘኑ ስለሚሰጡ ሰዎች ያስጠነቅቃል፤ ምክር ጨምሮ፣ ዘልፎ፣ «አንተ እኮ ጎልማሳ ነህ፣ አትሠራም?» ብሎ አሥር ብር የሚሰጥ ሰው አሥሩን ብር ራሱ መልሶ ወስዶታል።

ሕፃን ይዘው ለሚለምኑ ከገንዘብ ይልቅ ወዲያው የሚበላ ነገር ይሻላል፤ ሕፃኑ የሌላ ሰው የሆነበት፣ በቀን ተከራይቶ የሚመጣበት ጊዜ አለና። ዳቦ ስትሰጡ ቆርሳችሁ ስጡ፤ ያልተነካ እሽግ ወደ ሱቅ ተመልሶ ይሸጣል። ግን በዚህ ጥርጣሬ ብዙ አትጠመዱ። ከዐሥር አንዱ ቢያታልላችሁ ዘጠኙን የምትቀጡበት ምክንያት የለም።

የጾም ወቅት ለምጽዋት የተለየ ጊዜ ነው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት አይገዛም። ያለፈውን የፍስክ ወር አስቤዛ አውጥታችሁ ለእነዚህ ብቻ የወጣውን ደምሩ፤ ያ ነው የነዳያኑ ድርሻ። ኢሳይያስ 58 የሚናገረው ስለዚህ ዓይነቱ ጾም ነው፤ እንጀራን ለተራበ መቁረስ። ብዙ ቤት ግን ያንኑ ገንዘብ በአቮካዶ፣ በለውዝ ቅቤና በጾም ኬክ ስለሚጨርሰው ጾሙ ከፍስኩ ይወደዳል።

መባና ስዕለት

ለመባ ከመግዛት በፊት ዕቃ ቤቱን መጠየቅ። በከተማ አድባራት ጃንጥላና መጋረጃ ተቆልሎ ዓመት ያስቆጥራል፤ የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በመገበሪያ ስንዴና በዘቢብ እጥረት ቅዳሴ ይታጎልበታል። ስንዴው ለቅዱስ ቁርባን ስለሆነ ነቀዝ ያልነካው፣ ከሌላ እህል ያልተቀላቀለ፣ በእጅ የተለቀመ ይሁን። ዘቢብ ስትገዙ በዘይት የተለወሰው የኬክ ዘቢብ አይሆንም። ጧፍ ከንጹሕ ሰም የተሠራው ይመረጥ፤ የፓራፊን ሻማ ጥላሸት ስለሚያወጣ ሥዕላቱን ያጠቁራል። ዕጣንም እንዲሁ፤ በገበያ ከሙጫ ጋር የተቀላቀለ አለ፤ ፍም ላይ ትንሽ ጣል አድርጋችሁ ሽታው የጎማ ከመሰላችሁ አትግዙት።

ስዕለትን በተመለከተ መጽሐፈ መክብብ ተስለህ ከማትፈጽም አለመሳል ይሻላል ይላል (5፥5)። ስትሳሉ ሦስት ነገር ቁረጡ፦ ምን፣ ለየትኛው ደብር፣ እስከ መቼ። «ልጅ ከሰጠኸኝ ቁልቢ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ» ብሎ ተስሎ ከወለዱ በኋላ ጉልበት ያልተባበረው ሰው ስዕለቱን በራሱ ፈቃድ አይለውጥ፤ ንስሐ አባቱ ጋር ሄዶ በቀኖና ይለወጥለት። የእናንተ ያልሆነውን አትሳሉ። የባልና የሚስት የጋራ የሆነው ገንዘብ በአንዱ ስዕለት ሲታሰር በቤት ውስጥ ጠብ ይሆናል።

የገቢ ማሰባሰቢያ መርሐ ግብር ላይ ማይክ የያዘው ሰው «ማነው 50,000?» ሲል እጅ ማንሣትም እንደ ስዕለት ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው። ኮሚቴው ቃል የተገባውን ደምሮ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ይዋዋላል፤ ግማሹ ሳይከፈል ሲቀር ጉልላቱ ሳይወጣ ሕንፃው ይቆማል፣ ብረቱ ይዝጋል። የሐናንያና የሰጲራ በደል መሬቱን አለመስጠታቸው አልነበረም፤ ጴጥሮስ ሳይሸጥ የአንተ አልነበረምን ብሎታል (ሐዋ. 5፥4)። ከሰጡት በላይ የሰጡ መምሰላቸው ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት ደብተራችሁን ዐይታችሁ መጠኑን ወስኑ፤ አዳራሹ ውስጥ አትወስኑ።

50 ነዳያንን ማብላት

ለልደት፣ ለሠርግ መልስ፣ ለሙት ዓመት ወይም ለወርኃዊ በዓል ነዳያንን ማብላት የሚያስብ ብዙ ነው፤ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ጥቂት ነው። ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤትና የሰንበት ትምህርት ቤቱን የምግባረ ሠናይ ክፍል አነጋግሩ። ቁጥሩን የሚያውቁት፣ ማን ተኝቶ እንደቀረ የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው። ቀኑን ስትመርጡ በሚካኤል በ12 ወይም በማርያም በ21 ሌላም ሰው ያመጣል፤ በሠላሳው ቀን ውስጥ ማንም የማያስታውሰው ማክሰኞ አለ። በ12 ሦስት ቤተሰብ ምግብ ይዞ መጥቶ ግማሹ ይደፋል፣ በ15 ነዳያኑ ጦማቸውን ያድራሉ። እንደ እኛ እንደ እኛ ማክሰኞው ይሻላል።

ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በዐበይት አጽዋማት ከሆነ ምግቡ የጾም ይሆናል፤ ቅዳሴውም ከሰዓት በኋላ ስለሚወጣ ከዚያ በፊት የሚቀርብ ማዕድ ጿሚዎቹን ያሳቅቃል። በሰንበት ግን ጠዋት ቅዳሴ እንደወጣ ይቀርባል።

ለ50 ሰው የጾም ማዕድ ልኩ እንዲህ ነው። እንጀራ በሰው ሁለት፣ 100፣ መጠባበቂያ 10። ሽሮ 2 ኪሎ፣ ምስር ክክ 3 ኪሎ፣ ጎመን ሲበስል ስለሚጎድል 10 ኪሎ፣ ቀይ ሽንኩርት 6 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፣ ዘይት 3 ሊትር፣ በርበሬ ግማሽ ኪሎ። ውኃ ቢያንስ 25 ሊትር ለመጠጥ፣ ያንኑ ያህል ለእጅ መታጠቢያ። በርበሬውን አታብዙት፤ ባዶ ሆድ ላይ የሚወርድ ነው፣ ጨጓራ የሌለበትም ጥቂት ነው። ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን ከወጡ የተወሰነውን ቀጠን አድርጋችሁ ፍትፍት አዘጋጁ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፣ አዛውንቱም ዳር ዳሩን ቆርሰው «ጠግቤያለሁ» ይላሉ።

ሦስት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው ምግቡን ሌሊት አብስሎ በክዳን አፍኖ ማደር ነው። ትኩስ ሽሮና ምስር በትልቅ ብረት ድስት ተከድኖ ሲያድር መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ይቆይና ይኮመጥጣል። ቁሌቱን ማታ ሠርታችሁ ክኩንና ሽሮውን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጨምሩ፤ ካልሆነ ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ሳህን ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙና ጠዋት እስኪንተከተክ አሙቁት። ሥጋ ከሆነ ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ። ሁለተኛው በፌስታል ጠቅልሎ ማደል ነው፤ ትኩስ ወጥ በእንጀራ ላይ ተደርጎ በፌስታል ሲታሠር ይላቆጣል፣ ማታ ሲፈታ አይበላም። ቤት ለሚወሰድ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም በሶ ይታደል። ለዳቦ 10 ኪሎ ዱቄት ወደ 14 ኪሎ ዳቦ ይወጣዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ ሰልፍ ነው። በሰልፍ ስታድሉ ጉልበት ያለው ይቀድማል፤ ዐይነ ስውሩና ሕፃን ያዘለችው ይገፋሉ፣ ከኋላ ያለው «ሊያልቅ ነው» ሲል ወረፋው ይፈርሳል። ሰልፉን ተዉትና ሰዎቹን በረድፍ አስቀምጧቸው፤ እናንተ ዙሩ። ለ50 ሰው ስምንት አስተናጋጅ ይበቃል፦ ሁለት እጅ የሚያስታጥቡ፣ ሁለት እንጀራ፣ ሁለት ወጥ፣ አንድ ውኃ፣ አንድ የጎደለ የሚያይ። መጀመሪያ መንቀሳቀስ የማይችሉት፣ ከዚያ እናቶች። ካህን ካለ ማዕዱን ይባርክ፤ ስብከቱ ግን ከተበላ በኋላ ይሁን፣ አጭርም ይሁን። «ብሉልኝ» እያሉ መዞር የአገር ወግ ነው፤ ለእንግዳችሁ የምታደርጉትን ሁሉ አድርጉ። ጌታ ግብዣ ስታደርግ ድሆችንና አካለ ጉዳተኞችን ጥራ ያለው ግብዣ ብሎ ነው (ሉቃ. 14፥13)።

ፎቶ አታንሡ። ለገጻችሁ አይደለም፤ ለማስታወሻም አይደለም። ከዓመታት በፊት ከአገር ቤት የወጣች ልጅ እናቷን በሰው ቪዲዮ ላይ እጇን ዘርግታ ስታያት ምን ይሰማታል? ኮሚቴው ለሒሳብ ማስረጃ ከፈለገ ድስቱንና ደረሰኙን ያንሣ።

አዲስ አበባ ያላችሁና ሰው ሰብስቦ ማብሰል የማይቻላችሁ፣ እንደ መቄዶንያ ያሉ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚጦሩ ማዕከላት የአንድ ቀን የምግብ ወጪ የሚሸፍን ሰው ይቀበላሉ። አስቀድሞ ደውሎ ቀን መያዝ ያስፈልጋል፤ ልብስ ስትወስዱ የታጠበና ቁልፉ ያልተበጠሰ ይሁን፣ የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ከልብስ ይልቅ ይፈለጋል።

ዝክርና ተዝካር

እዚህ ላይ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ዝክር በጻድቁ ወይም በሰማዕቱ ስም ለተራበ የሚቀርብ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት 30 ጠግቦ ያደረ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጠላው ወርዶ፣ በሬው ወድቆ፣ ለነዳያን የሚደርሰው በፌስታል የታሠረ ትራፊ ነው። ለ40ው ወይም ለሙት ዓመቱ ተበድሮ ደግሶ ልጆቹ ትምህርት ያቋረጡበት ቤትም አለ። ጽዋ ማኅበርተኛ ከሆናችሁ ለሙሴው (ለማኅበሩ መሪ) አንድ ሐሳብ አቅርቡ፦ ከወጪው ግማሹ ከመደገሱ በፊት ይለይና በቀጥታ ለነዳያን ይዋል፤ በቀረው ዳቦና ጠላ ጽዋው ይጠጣ። ማኅበሩ 24 አባላት ኖረውት እያንዳንዱ ተራ ሲደርሰው 6,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ በሁለት ዓመት አንድ ዙር 144,000 ብር ይወጣል፤ ግማሹ 72,000 ነው። በዚህ ስንት የአብነት ተማሪ ጋቢና ጫማ እንደሚያገኝ ማኅበሩ ራሱ ያስላው።

ለተዝካርም ተመሳሳዩን አድርጉ፤ ፍትሐቱና ቅዳሴው አይቀርም፣ ድንኳኑ ግን ሊቀር ይችላል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ለሕክምና የሚሰበሰብ ገንዘብ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያጋጥማችሁ የሐኪም ማስረጃው ቀንና የካርድ ቁጥር ያለው መሆኑን እዩ፤ ወደ ሆስፒታሉ ደውላችሁ ታካሚው መኖሩን ጠይቁ። የባንክ ሒሳቡ በታካሚው ወይም በቅርብ ቤተሰቡ ስም ይሁን። ከተቻለ ለሆስፒታሉ ገንዘብ ያዥ ወይም ለመድኃኒት ቤቱ በቀጥታ ክፈሉ። ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ሥዕል ይዞ በአውቶቡስ ተራ «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ» የሚለምን ሰው ደብዳቤ ካለው የየትኛው ሀገረ ስብከት እንደሆነ፣ ደረሰኝ እንደሚሰጥ ጠይቁት፤ እውነተኛው አይቆጣም።

በአሜሪካ ያላችሁ አጥቢያችሁ «ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ» (ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ከሆነ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ስትሰጡ ከቤተ ክርስቲያኑ የጽሑፍ ማረጋገጫ ተቀበሉ፤ ታክስ ላይ ለማስቀነስ የባንክ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ለአገር ቤት ዘመድ ወይም ለግለሰብ የላካችሁት አይቀነስም። በእንግሊዝ ግብር የምትከፍሉ ከሆነ የጊፍት ኤድ ቅጹን አንድ ጊዜ ሙሉ፤ ከእናንተ ኪስ ምንም ሳይጨመር ቤተ ክርስቲያኑ በየፓውንዱ 25 ሳንቲም ከመንግሥት ያገኛል። ለአገር ቤት ገዳም በቡድን ስትልኩ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚገዛው፣ ዕቃውን የሚቆጥረውና ለላኪው የሚያሳውቀው ሦስት የተለያየ ሰው ይሁን። አንዱ ሰው ሦስቱንም ሲሠራ መጀመሪያ የሚጠፋው ደረሰኙ ነው።

ደብተሩ

አንድ የ50 ሉክ ደብተር ይበቃል። በግራው ገጽ ገቢ፣ በቀኙ አምስት ዓምድ፦ አሥራት፣ በኩራት፣ መባ፣ ስዕለት፣ ምጽዋት። ለማን እንደሰጣችሁ ስም አትጻፉ፤ መጠኑና ቀኑ ይበቃል፣ ደብተሩ ሰው እጅ ቢገባ የተቀባዩ ገመና አይወጣም። ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ይጻፉ።

ጳጉሜን ላይ ሒሳቡን ዝጉ። ደመወዝተኛ ለእነዚያ 5 ወይም 6 ቀናት የተለየ ክፍያ ስለሌለው ብዙዎች እጃቸው ያጥራል። ለዚህ ከየወሩ ድንገተኛ 100 ብር ያልተነካው እዚህ ላይ ይውላል። ለይታችሁ ሳትሰጡት የቀረ አሥራት ካለ ወደ መስከረም አታሻግሩት፤ የወሩን ስም ጽፋችሁ በጳጉሜን ደረሰኝ አስቆርጡለት።